ቦርዱ የሚመጣው በኋላ ነው

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 13 ቀን 2016 ዓ.ም.

የእህቴ ልጅ ለልደቴ የካይትሰርፊንግ፣ ማለትም በነፋስ በሚበር ሸራ እየተጎተቱ በቦርድ ውሃ ላይ የመንሸራተት፣ ትምህርት ከፍሎልኛል። "አክስቴ፣ ብትቀሪም ገንዘቡ አይመለስም" ስላለኝ ነው ዛሬ የሄድኩት። እሱ 19 ዓመቱ ነው፤ እዚሁ ሆላንድ ተወልዶ ውሃ ውስጥ ያደገ። እኔ 40ን ተሻግሬአለሁ፤ ያደግኩት ደብረ ብርሃን ነው። ነፋስ አጥቼ አላውቅም፤ ያጣሁት ባሕር ነው።

ከሮተርዳም ወደ ደቡብ ምዕራብ አንድ ሰዓት ያህል ነዳን። ቦታው ብራውወርስዳም ይባላል፤ 6 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ግድብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ባሕሩ በአንድ ሌሊት የዚህን አካባቢ ደሴቶች አጥለቅልቆ በዚህ አገር ብቻ 1,836 ሰው ፈጀ። ከዚያ በኋላ ከተሠሩት መከላከያዎች አንዱ ይህ ግድብ ነው፤ በ1971 ተዘጋ። በምዕራብ በኩል የሰሜን ባሕር ነው፤ በምሥራቅ በኩል ግሬቨሊንገን የሚሉት ጨዋማ ሐይቅ። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፤ ሞገዱም ብርቱ ነው። ሐይቁ እንዲህ ያለ ነገር አያውቅም፤ ዳር ዳሩን ረጅም መንገድ በእግር ይኬድበታል። ጀማሪ የሚወሰደው ወደ ሐይቁ ነው። የእህቴ ልጅ እኔን አውርዶ ወደ ባሕሩ ተሻገረ።

አስተማሪያችን 60ን ያለፉ፣ ፊታቸውን ፀሐይና ጨው የጠበሰው ሴት ናቸው። ዓይናችን ቦርድ ሲፈልግ አይተው "ቦርዱ መኪና ውስጥ ነው፤ ዛሬ አይወጣም" አሉን።

ጀርባችንን ለነፋሱ ሰጥተን አሸዋው ላይ ቆምን። ከግራ እጅ ተነስቶ በአናት አልፎ ቀኝ እጅ ዘንድ የሚደርሰው፣ ከፊታችን ያለው የሰማይ ቅስት በሙሉ ካይቷ የምትበርበት ክልል ነው። "የነፋስ መስኮት" ይሉታል። አቀማመጡን በሰዓት ፊት ይጠሩታል፤ አናት 12፣ ቀኝ 3፣ ግራ 9። ካይቷ ጠርዙ ላይ ስትሆን ጉተታዋ ትንሽ ነው፤ 12 ላይ አቁሞ ወሬ መያዝ ይቻላል። ዝቅ ብላ በመስኮቱ መሀል ስትሻገር ግን ነፋሱን በሙሉ ሆዷ ትቀበላለች። ሰው ከቆመበት የሚነቀለው እዚያ ላይ ነው። እኛ የያዝናት 2 ካሬ ሜትር የማትሞላ መለማመጃ ነበረች፤ እሷም ብትሆን እናቱን እንዳየ ጥጃ ነው የጎተተችኝ።

ትልቋን ካይት መሬት ላይ ዘርግተው አሳዩን። አራቱ ገመዶች ከ20 ሜትር ይበልጣሉ። የመሀሎቹ ሁለቱ ከወገብ መታጠቂያው መንጠቆ ጋር ይያያዛሉ፤ ስለዚህ ጉተታውን የሚሸከመው ወገብ ነው፣ ክንድ አይደክምም። የዳሮቹ ባር በሚሉት ዘንግ ጫፎች ላይ ታስረው ካይቷን ይመራሉ። ባሩ ወደ ራስ ሲሳብ ጉልበት ይጨምራል፤ ሲገፋ ይቀንሳል። እዚህ ላይ ነው ጉዱ። የደነገጠ ሰው የያዘውን ሁሉ ወደ ደረቱ ይስባል፤ ሲስብ ካይቷ ትበረታለች፤ ስትበረታ ይበልጥ ይደነግጣል፤ ይበልጥ ይስባል። አስተማሪያችን ይህን ልማድ ከእጃችን ለማውጣት ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ፈጁት። ባሩን ልቀቁ፤ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ቀዩን ማላቀቂያ ፈልጉ፤ በቀኝ እጅ፣ በግራ እጅ፣ ተኝታችሁ፣ እየሮጣችሁ። ማላቀቂያው ሲገፋ ካይቷ በአንድ ገመድ ብቻ ተይዛ ትወድቃለች። እሱም ካልበቃ ሁለተኛ ማላቀቂያ አለ፤ ያን ጊዜ ካይቷ ጭራሹን ትሄዳለች። "ካይት ይገዛል" አሉ ሴትዮዋ፣ ሌላ ምንም ሳይጨምሩ።

እሑድ፣ ሐምሌ 14

እናቴ ከአገር ቤት ደወለች። ልጁ ቪድዮ ልኮላት ኖሯል። "በዚህ ዕድሜሽ በገመድ ታስረሽ ነፋስ ይጎትትሽ?" ብላ ከሳቀች በኋላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "ለመሆኑ ዋና ትችያለሽ?" አለችኝ።

ጥያቄው የእናት ነው፤ የትምህርት ቤቱ የመጀመሪያ ጥያቄም እሱ ነበር። ይህ አገር በየደጁ ቦይ ስላለው ልጆች በጨቅላነታቸው ዋና ይማራሉ፤ ልብስና ጫማ ለብሰው ውሃ ውስጥ ገብተው ነው የሚፈተኑት፤ ኤ፣ ቢ፣ ሲ የሚባል ዲፕሎማ አለው። እኔ የተማርኩት ካደግኩ በኋላ ነው፣ በከተማው መዋኛ፣ እንደኔው ከደጋ ከመጡ ሰዎች ጋር። ለካይት ፈጣን ዋናተኛ መሆን አያስፈልግም። ጥልቅ ውሃ ውስጥ ወድቆ፣ ጨው ጠጥቶ፣ ሳይደናበሩ ተንሳፍፎ መቆየትና ወደ ዳር መዋኘት ግን ግድ ነው። የሚለበሰው ጃኬት ያንሳፍፋል እንጂ ዋና አያስተምርም። ለእናቴ ይህን ሁሉ አልነገርኳትም። "እችላለሁ፣ እማዬ" አልኳት።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 20

ትምህርቱ ተሰረዘ። ከመስኮቴ ማዶ ዛፉ እየተወዛወዘ ነው፤ ይህን የመሰለ ነፋስ እያለ! ብዬ ለልጁ ደወልኩ። "ትንበያውን አይተሻል?" አለኝ። ዊንድጉሩ የሚባለውን የነፋስ ትንበያ ስልኬ ላይ አስጫነኝና እንዴት እንደሚነበብ አንድ ሰዓት ሙሉ አስረዳኝ። ከእስካሁኑ ሁሉ የዛሬው ነው የጠቀመኝ።

ካይተኞች ነፋስን የሚለኩት በኖት ነው፤ 1 ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ነው። ለጀማሪ ከ12 እስከ 18 ኖት ደህና ነው። ከዚያ ካነሰ ካይቷ ከሰማይ ትወርዳለች፤ ውሃ ላይ ከወደቀችም አትነሳም። ከበለጠ ደግሞ ስህተትን ይቅር የማይል ይሆናል። ምክንያቱም የነፋስ ጉልበት ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም፤ ፍጥነቱ ከ10 ወደ 20 ኖት ሲወጣ ግፊቱ 4 እጥፍ ነው የሚሆነው። የዛሬው ትንበያ 14 ኖት ይላል፤ ከሥሩ ባለው መስመር ላይ ግን ድንገተኛው ግፊት 30 ይደርሳል። ጀማሪ የላይኛውን ቁጥር ብቻ አይቶ ይነሳል። በዚያ ላይ ከሰዓት ነጎድጓድ አለ። ነጎድጓድ ሲመጣ ነፋሱ መጀመሪያ ጭጭ ይላል፤ ከዚያ ከሌላ አቅጣጫ በአንድ ጊዜ ይወርዳል። ጥቁር ደመና ከሩቅ ሲታይ ካይት ወርዶ ተጠቅልሎ መኪና ውስጥ መሆን አለበት።

አቅጣጫውም ራሱን የቻለ ነገር ነው። በቀጥታ ወደ ዳር የሚነፍስ ነፋስ ሰውን ከግድቡ ድንጋይ ጋር ያላትማል። ከዳር ወደ ውሃ የሚነፍሰው ይብሳል፤ በባሕሩ በኩል የምሥራቅ ነፋስ ይዞት የወጣ ሰው ቀጣዩ መሬት እንግሊዝ ነው። የሚፈለገው ዳሩን ተከትሎ ወደ ጎን የሚነፍስ ነው። ደቡብ ምዕራብ ሲሆን እዚህ ግድቡን ተከትሎ ይነፍሳል፤ አስተማሪያችን "ደቡብ ምዕራብ" ሲሉ ፊታቸው የሚፈካው ለዚህ ነው።

የካይቷም ስፋት ከዚሁ ጋር ይሄዳል። 75 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በ15 ኖት 12 ካሬ ሜትር ይበቃል፤ ነፋሱ 20 ሲያልፍ 9፣ ከዚያም በላይ 7። እኔ ቀለል ስለምል ያነሰ ነው የሚሰጠኝ። ብርቱ ነፋስ ሲመጣ ትንሽ ካይት፤ ይህን ለማመን ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 27

ዛሬ ውሃ ገባን፤ ቦርዱ አሁንም መኪና ውስጥ ነው።

መላ ሰውነት የሚይዘውን የጎማ ልብስ ለመልበስ ያየሁት ፍዳ ለብቻው ማስታወሻ ይወጣዋል። ውሃው ለሐምሌ ቢሞቅም ከሰውነት ሙቀት በእጅጉ ያንሳል፤ ነፋስ ላይ ርጥብ ሆኖ መቆም ደግሞ ቶሎ ያደነዝዛል። ልብሱ፣ መታጠቂያው፣ ሄልሜቱ፣ ጃኬቱ፤ መስተዋት አለመኖሩ ጥሩ ነው።

ካይቷ በፓምፕ ትነፋለች፤ የፊት ጠርዟ እንደ ጎማ ድርቅ ማለት አለበት። ገመዱን ከባሩ እስከ ካይቷ እየሄድን በጣታችን መሀል አሳልፈን አንድ በአንድ ፈተሽን። የተጣመመ ገመድ መሬት ላይ ምንም አይመስልም፤ ካይቷ ስትነሳ ግን ወደ ግራ ሲሏት ወደ ቀኝ ትዞራለች። ካይት ብቻውን የሚያስነሳ ጀማሪ የለም። አንድ ሰው ካይቷን ጠርዙ ላይ ይይዛል፤ ባለቤቱ አውራ ጣቱን ሲያነሳ ብቻ ይለቃል፤ አይወረውራትም፣ ዝም ብሎ ይለቃታል። ካይት ለማውረድ የሚፈልግ ደግሞ አናቱን በእጁ መታ መታ ያደርጋል፤ ያየ ሁሉ ሄዶ ይይዝለታል። ቋንቋ የማይጋሩ ሰዎች በዚህ ምልክት ሲረዳዱ አይቻለሁ።

ከዚያ በሆድ መጎተት ነው። ካይቷን ከ12 ወደ 2፣ ከ2 መልሶ ወደ 12 ሲያወዛውዟት ውሃው ላይ እየሳበች ትወስዳለች። ይህ ጨዋታ ነው። ቀጥሎ ያለው ነው ቁም ነገሩ። አንድ እጅ ባሩን ይይዛል፤ ሌላው እጅ ከነትከሻው ወደፊት ተዘርግቶ ውሃውን ይቆርጣል፤ ካይቷ በአንድ ጎን ዝቅ ብላ ትቆማለች፤ ሰውየው እያጋደለ ቀስ በቀስ ወደ ነፋሱ አቅጣጫ ይወጣል። ለምን ይጠቅማል ብለን ስንጠይቅ አስተማሪያችን "ቦርድ ከእግራችሁ ሲወጣ ከነፋሱ በኩል ይቀራል፤ እናንተን ካይቷ ወደ ታች ትወስዳችኋለች። በምን ትመለሱለታላችሁ?" አሉን። ቦርድ በገመድ ከሰውነት ጋር ማሰር አይመከርም፤ ገመዱ ተለጥጦ ቦርዱን ወደ ጭንቅላት ይመልሰዋል። ስለዚህ ይህን ያልቻለ ቦርድ አይሰጠውም። አፌ እስከ ማታ ጨው ጨው ብሎኛል።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 2

ከሥራ ስመለስ የኦሊምፒኩን የሴቶች ካይት ፍጻሜ አየሁ። ውድድሩ ማርሴይ ላይ ነው፤ ካይት ኦሊምፒክ ሲገባ ይህ የመጀመሪያው ነው። ነፋስ ጠፍቶ ሲጓተት ሰንብቷል። ወርቁን የብሪታንያዋ ኤሊ አልድሪጅ፣ ብሩን የፈረንሳይዋ ሎሪያን ኖሎ፣ ነሐሱን የኛዋ የሆላንዷ አነሉስ ላመርትስ ወሰዱ። የእነሱ ቦርድ ከሥሩ ምሰሶና ክንፍ አለው፤ ፍጥነት ሲይዝ ከውሃው በላይ ተነስቶ ይበራል። ጀማሪ አይነካውም።

ልጁ ስለ አጀማመሩ ሲያወራ አመሸ። እ.ኤ.አ. በ1977 ፓንሃውዘ የተባለ ሆላንዳዊ በፓራሹት መሰል ነገር ለሚጎተት ተንሳፋፊ ሰሌዳ የፈጠራ መብት አስመዝግቦ ነበር። የቸገረው ነገር ውሃ ላይ የወደቀ ካይት መልሶ አለመነሳቱ ነው። ከብሪታኒ የመጡት ፈረንሳዊ ወንድማማቾች ብሩኖና ዶሚኒክ ለጋኙ በ1984 በአየር የሚነፋ ጠርዝ ያለውን ካይት አስመዘገቡ። የሚንሳፈፍ፣ ከውሃ የሚነሳ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ዊፒካ በሚል ስም ሲሸጥ ስፖርቱ ተስፋፋ። ያ ሁሉ ፓምፕ መምታት ለዚህ ነው ለካ።

እሑድ፣ ነሐሴ 5

ቅዳሴው ሳያልቅ ነጠላ ሥር ስልክ የከፈቱ ነበሩ፤ ስም አልጠራም። የሴቶች ማራቶን ነው። ለሆላንድ የምትሮጠው ሲፋን ሐሰን የኢትዮጵያዋን ትዕግሥት አሰፋን በ3 ሰከንድ ቀደመቻት። ግቢው ለሁለት ተከፈለ፤ እኔ የሆላንድ ፓስፖርት ይዤ ለትዕግሥት፣ የእህቴ ልጅ ለአዳማዋ ልጅ ለሲፋን። ክርክሩ መኪና ውስጥም ቀጠለ።

ከሰዓት ወደ ግድቡ ሄድን። ፍልሰታ ነው፤ ባዶ ሆዴን ውሃ ለመግባት አልደፈርኩም። ቀዝቃዛ ውሃ ጉልበት ይበላል፤ ደክሞ የሚያስብ ሰው ዘግይቶ ያስባል። ድንች ጥብስ ያለ ማዮኔዝ ገዝቼ ዳር ተቀመጥኩ። ልጁ የተጠበሰ ዓሣ አምጥቶ "ይበላል" "አይበላም" የሚለውን የዘንድሮ ሙግት አስጀመረ።

ከዳር ሆኜ አንድ ጎልማሳ ሰው ከግድቡ ድንጋይ በቅርብ ርቀት ካይት ሲያስነሳ አየሁ። ከነፋሱ በታች ያለው ቦታ ባዶ መሆን አለበት፤ ቢያንስ 50 ሜትር። ከእሱ በታች ግን ድንጋይ፣ የቆሙ ሰዎች፣ የልጅ ጋሪ ነበሩ። ካይቷ ስትነሳ ነፋሱ ገፋት፤ ሰውየው ጥቂት እርምጃ በአየርና በአሸዋ መሀል ሄደ፤ ለቀቃት። ማንም አልተጎዳም። የተወጠረ ገመድ ቆዳን እንደሚቆርጥ ግን በቦታው የነበረ ሁሉ ስለሚያውቅ አንድ ሽማግሌ ሄደው ረዘም ያለ ነገር ነገሩት።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 18

ቦርዱ ወጣ!

ደቡብ ምዕራብ፣ 16 ኖት፣ ግፊቱ እኩል። ጀርባን ለነፋስ ሰጥቶ ውሃው ውስጥ መቀመጥ፤ ካይቷን 12 ላይ ማቆየት፤ በአንድ እጅ ቦርዱን አምጥቶ እግርን ማሰሪያው ውስጥ ማስገባት። ጉልበት ይታጠፋል፣ ተረከዝ ወደ መቀመጫ ይቀርባል። በቀኝ ለመሄድ ካይቷን ጥቂት ወደ 11 መልሶ፣ ከዚያ በድፍረት ወደ 1 እና 2 ማውረድ ነው። እሷ ትነሳለች፣ ሰውም አብሮ ይነሳል። ካነሰ ትንሽ ብድግ ተብሎ መልሶ መቀመጥ ነው። ከበዛ ከቦርዱ ማዶ በፊት መደፋት። ሁለቱንም አይነት አውቄዋለሁ፤ አፍንጫዬ ይመሰክራል።

የለወጠኝ ነገር ዓይኔ ነው። ካይቷን እያየሁ በተነሳሁ ቁጥር ወደምመለከትበት ወደ ላይ እሳብና እወድቃለሁ። አስተማሪያችን ውሃው ውስጥ ቆመው "እኔን እዪኝ፣ እኔን!" እያሉ ወደምሄድበት አቅጣጫ ራቁ። ካይቷ የት እንዳለች ከወገቤ ሰማሁት። የአሸዋው ትምህርት ይኸው ነበር። የፊት እግሬን ዘረጋሁ፣ ቦርዱ ወደ ጎን ዞረ፣ ውሃው ከሥሬ ፍሽሽ አለ። ቆሜ ሄድኩ!

መመለሻውን ግን ማንም አይዘፍንለትም። ጀማሪ ነፋሱ ወደሚሄድበት ነው የሚንሸራተተው፤ ወደ ነፋሱ መውጣት የሚችለው የቦርዱን ጠርዝ ነክሶ፣ ወደ ኋላ ተጋድሞ፣ ካይቷን ዝቅ አድርጎ መያዝ ሲለምድ ነው። እስከዚያ ቦርዱን በብብት ይዞ፣ ካይቷን አናት ላይ አቁሞ፣ ዳር ዳሩን በእግር መመለስ ነው። ዛሬ ከሄድኩበት ይልቅ የተመለስኩበት ይረዝማል። ከኛ ጋር የጀመረው ወጣት ይህን ሲያይ "በቃኝ" ብሎ ጫማውን ፈለገ። አልፈርድበትም።

ቅዳሜ፣ ጳጉሜን 2

ሰው በዝቷል፤ ስለዚህ የመንገድ ሕግ ተማርን። ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ሲመጡ ቀኝ እጁን ወደፊት አድርጎ የሚሄደው ቅድሚያ አለው። ሲተላለፉ በነፋሱ በኩል ያለው ካይቱን ከፍ፣ በታች ያለው ዝቅ ያደርጋል፤ ገመድ እንዳይጠላለፍ። ከዳር የሚወጣ ከሚገባው ይቀድማል። ዋናተኛ ካለበት መራቅ ነው። በዚህ አገር ካይት የሚፈቀደው በተለዩ ቦታዎች ብቻ ነው፤ ግሬቨሊንገን የአእዋፍ ጥበቃ ስላለበት መስመሩን ያለፈ ይቀጣል።

ራስን ማዳንም ተለማመድን። ነፋስ ቢሞት ወይም ገመድ ቢበጠስ ቀዩን ማላቀቂያ መግፋት፣ ገመዱን እጅ ላይ ሳይሆን ባሩ ላይ እየጠቀለሉ ወደ ካይቷ መድረስ፣ በተነፋው ጠርዟ ላይ ተደግፎ ጫፏን እንደ ሸራ ይዞ ወደ ዳር መንሸራተት። ከካይቷ መለየት የለም፤ ሰውን ከሩቅ የምታሳይ እሷ ናት። ስልክ ውሃ በማያስገባ ከረጢት ይያዛል፤ የድንገተኛ አደጋ ቁጥሩ 112 ነው። የነፍስ አድን ጀልባዎቹን የሚያንቀሳቅሱት አብዛኞቹ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ እራታቸውን ጥለው ነው የሚመጡት።

ቅዳሜ፣ መስከረም 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

የእንቁጣጣሽ ግብዣ። ዶሮ ወጡ ሳይቀርብ የእህቴ ልጅ የኔን ቪድዮ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ አዞረው። የአወዳደቄን ክፍል አስቀድሞ።

ነርስ የሆነች ጓደኛዬ ጎትታ አስቀመጠችኝ። "ምን ምን ልግዛ?" አለች። ምንም፣ አልኳት። ትምህርት ቤቱ ሁሉን ያቀርባል፤ የምትማሪበት ካይት በኋላ የምትነጂበት አይሆንም። ከሆነልሽ መጀመሪያ የምትገዢው በሰውነትሽ ልክ የሆነ የጎማ ልብስና መታጠቂያ ነው። ርካሽ ነው ተብሎ የቆየ ካይት አትግዢ፤ የድሮዎቹ ማላቀቂያ እንደ አሁኖቹ አይታመንም። ሁለት ቀን ውስጥ ትነጃለሽ የሚልሽን ማስታወቂያ እለፊው። ቪድዮ እያዩ ብቻቸውን የሚጀምሩም አሉ፤ የኛ ሴትዮ እነሱን ሲያዩ ተነስተው ይሄዳሉ። ለዘንድሮ ውሃው ገና አልቀዘቀዘም፤ ከጥቅምት በኋላ ግን የምትማሪ ከሆነ ወፍራም ልብስና ጓንት ነው፣ እኔ ብሆን ግንቦትን እጠብቃለሁ።

"ዋናስ?" አልኳት።

"ዋና አልችልም።"

"እንግዲያው ግንቦት ሩቅ አይደለም። የአዋቂዎቹ ክፍል ማታ ማታ ነው፤ አብረን ሄደን እናስመዘግብሻለን።"

አናቷን በሁለት እጇ ያዘች። "ለበዓሉ ትናንት ነው የተሠራሁት!"

ሹሩባዋን ዞሬ አየሁት። ቀጭን ነው፣ ጥብቅ ብሏል፤ ሄልሜት ሥር በደንብ ይገባል አልኳት።